ፖሊስ ማኅበር ሲያቆም፣ ፖሊስ ሥራ ሲያቆም

ፖሊስን የምናውቀው በቆመጡ ነው። በመንገድ ዳር ቆሞ ስናየው የሚታየን ቆቡና ቀበቶው ነው እንጂ ከቆቡ ሥር ያለው ሰው አይደለም። ይህ ሰው የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ ልጆች ያሳድጋል፤ ሌሊቱን በብርድ ቆሞ አድሮ ጧት ወደ ቤቱ ሲገባ የወር አስቤዛው ማለቁ ይነገረዋል። በደል የደረሰበት እንደ ሆነ አቤት የሚለው ለአለቃው ነው። በዳዩ ራሱ አለቃው የሆነ እንደ ሆነስ?

ይህን ጥያቄ ያነሣንበት ምክንያት ከጥቂት ጊዜ በፊት በመኝታ ክፍላችን የተደረገ ክርክር ነው። ከመካከላችን አንዱ «በማኅበር የመደራጀት መብት የሰው ልጅ ሁሉ መብት ነው» ብሎ በሰፊው ሲናገር፣ ሌላው ከአልጋው ላይ ሳይነሣ «ለፖሊስም ጭምር ነው?» ብሎ ጠየቀው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ስለ መብት ሲነሣ አንደበታችን የማይተሳሰር ሰዎች መሆናችንን የሚያውቁን ሁሉ ይመሰክራሉ፤ ያን ምሽት ግን ቶሎ መልስ የሰጠ አልተገኘም። ስለዚህ ጉዳዩን ከሌላ አገር ታሪክ ለመመርመር ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ከዚህ ቀጥሎ ለአንባቢ የምናቀርበው በዚያ ካገኘነው ዋና ዋናውን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የሎንዶን ፖሊሶች በ1872 እና በ1890 ሥራ አቁመው ያውቃሉ። በ1890 የወጣው ሕግ 25 ዓመት ላገለገለ ፖሊስ ጡረታን በአለቃ ፈቃድ የሚገኝ ችሮታ መሆኑን አስቀርቶ መብት አደረገው። ይሁን እንጂ ፖሊሱ በደሉን የሚያሰማበት መንገድ ገና አልተከፈተም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጆን ሳይም የሚባል ኢንስፔክተር በበታቹ ባሉ ሁለት ፖሊሶች ላይ ግፍ ተሠርቷል ብሎ ከአለቆቹ ጋራ ተጣላ። ነገሩን አልተውም በማለቱም በ1910 ከሥራው ተባረረ። ሰውዬው ግትር ነበር ይባላል፤ ግትር ባይሆን ኖሮ ግን ታሪኩን ዛሬ ባላነበብነው። በ1913 የፖሊሶች ማኅበር እንዲቋቋም ያደረገ እርሱ ነው። በኋላም የወህኒ ቤት ጠባቂዎች ገቡበት። መንግሥት ማኅበሩን አላወቀውም፤ አባል ሆኖ የተገኘ ፖሊስም እንጀራውን እስከ ማጣት ይደርስ ነበር።

ከዚያ ታላቁ ጦርነት መጣ። ከ1914 እስከ 1918 ባለው ጊዜ የኑሮ ዋጋ እጥፍ ያህል ሲወጣ የፖሊስ ደመወዝ አልተከተለውም። በጥይት ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ከፖሊሱ የበለጠ ደመወዝ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። በነሐሴ ወር 1918 ቶማስ ቲየል የሚባል ፖሊስ ስለ ማኅበሩ በመሥራቱ ከሥራ ተባረረ። ማኅበሩም የደመወዝ ጭማሪ እንዲሰጥ፣ ቲየል ወደ ሥራው እንዲመለስና ማኅበሩ እንዲታወቅ ጠይቆ አጥጋቢ መልስ ስላላገኘ፣ ኦገስት 30 ቀን 12,000 የሚያህሉ የሎንዶን ፖሊሶች ሥራ አቆሙ። አገሪቱ ጦርነት ላይ ናት፤ ዋና ከተማዋ ያለ ፖሊስ ቀረች።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ በማግሥቱ የማኅበሩን ሰዎች ጠርቶ አነጋገራቸው። በሳምንት 13 ሽልንግ ተጨመረላቸው፤ ባልዋ ለሞተባት የፖሊስ ሚስት ጡረታ ተፈቀደ፤ ቲየልም ወደ ሥራው ተመለሰ። ኮሚሽነሩ ሰር ኤድዋርድ ሄንሪ ሥራውን ለቀቀ። ዓመታት ሙሉ በጽሑፍና በልመና ያልተገኘው ነገር በሁለት ቀን ተገኘ ማለት ነው። አንዲት ነገር ግን በእንጥልጥል ቀረች። ማኅበሩን የማወቅ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጦርነት ጊዜ ሊሆን አይችልም የሚል መልስ ሰጠ። ፖሊሶቹ ይህን የተረዱት «ጦርነቱ ሲያልቅ ይሆናል» ብለው ነው፤ ተናጋሪው ግን ስለ ጦርነቱ ማግሥት ምንም አልተናገረም። እኛ ፖለቲካን ለምንማር ሰዎች ይህች ዓረፍተ ነገር ብቻዋን አንድ ክፍለ ጊዜ ትበቃታለች።

ጦርነቱ አለቀ። መንግሥትም በብልሃት ሠራ። በሎርድ ዴዝበሮ የሚመራ ኮሚቴ አቁሞ የፖሊስን ኑሮ አስመረመረ፤ ኮሚቴውም ደመወዙ በጣም ዝቅተኛ መሆኑን ተቀብሎ ታላቅ ጭማሪ እንዲደረግ አሳሰበ። ወዲያውም በ1919 አዲስ የፖሊስ ሕግ ወደ ፓርላማ ቀረበ። ሕጉ ፖሊስ በማናቸውም የሠራተኛ ማኅበር አባል እንዳይሆን ከለከለ፤ ፖሊሱን ሥራ እንዲያቆም መቀስቀስም ወንጀል ሆነ። በዚህ ፈንታ የፖሊስ ፌደሬሽን የሚባል በሕግ የተፈቀደ ጉባኤ አቋቋመ፤ ከተራው ፖሊስ እስከ ኢንስፔክተር ያሉት ሁሉ ወኪሎቻቸውን መርጠው ስለ ኑሮአቸውና ስለ ሥራቸው ሁኔታ የሚናገሩበት ነው። ከውጭ ማኅበር ጋራ መተባበር ግን አይችልም።

የቀድሞው ማኅበር ይህ ሕግ መቃብሬ ነው ብሎ ኦገስት 1 ቀን 1919 ሁለተኛ አድማ ጠራ። ያለፈው ዓመት አሥራ ሁለት ሺሕ ሰው አስነሥቶ ነበርና የሚመስለው እንደዚያው የሚሆን ነበር። አልሆነም። በሎንዶን የወጡት ከ1,000 ጥቂት የሚበልጡ ብቻ ናቸው። የቀሩት የደመወዙን ጭማሪ አግኝተዋል፤ ወይም ሊያገኙ ነው። መንግሥት የሆድን ጥያቄ ከማኅበር ጥያቄ ነጥሎ የመጀመሪያውን ከመለሰ በኋላ ሁለተኛውን ብቻውን አገኘው።

ከፖሊሱ ቍጥር አንጻር ብዙ ሰው የወጣው በሊቨርፑል ነው። ከከተማው ፖሊሶች ግማሽ ያህሉ፣ ይኸውም ከ950 በላይ፣ ሥራ አቆሙ። በሊቨርፑል የፖሊስ ኑሮ ከሌላው ከተማ የከፋ እንደ ነበር ይነገራል። የከተማው ሱቆች ተዘረፉ፤ መንግሥት ወታደርና ታንክ አስገባ፤ ቫሊያንት የተባለችውን የጦር መርከብ ወደ መርሲ ወንዝ ላከ። በወታደር ጥይትም ሰው ሞተ። አድማው በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተ። በመላው አገር ከ2,300 በላይ የሆኑት አድመኞች ሁሉ ተባረሩ፤ አንዳቸውም እንኳ ወደ ሥራ አልተመለሱም። ከመካከላቸው ጡረታቸውን ለማግኘት ጥቂት ጊዜ ብቻ የቀራቸው ነበሩ፤ እርሱም ቀረ። የቀሩት ባልደረቦቻቸው ያን የደመወዝ ጭማሪ ሲበሉ እነዚህ ሥራ ፍለጋ ወጡ። ከማኅበሩ ትግል የተገኘውን ጥቅም የማኅበሩ ታማኞች አልቀመሱትም።

ሊቨርፑል ገና ሳይረጋጋ ከአትላንቲክ ባሕር ማዶ ያለችው የቦስተን ከተማ ተራ ደረሰ። እዚህ ላይ አንባቢን ቆም ብሎ እንዲያነብ እንለምናለን፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተማሪዎች አሉበትና።

የቦስተን ፖሊስ በሳምንት ከ70 ሰዓት በላይ ይሠራ ነበር። የደንብ ልብሱን የሚገዛው ከራሱ ኪስ ነው። የሚያድርባቸው የፖሊስ ጣቢያዎች ያረጁና አይጥ የወረራቸው ነበሩ። ፖሊሶቹ በነሐሴ 1919 ከአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ፌደሬሽን ጋራ የተባበረ ማኅበር ቢያቆሙ ኮሚሽነሩ ኤድዊን ከርቲስ ይህን የሚከለክል ደንብ አወጣና 19 መሪዎቻቸውን ከሥራ አገደ። ከንቲባው ያቆመው ኮሚቴ የሽምግልና ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ኮሚሽነሩ አልተቀበለውም። ሴፕቴምበር 9 ቀን በምሽት ከ1,544 ፖሊሶች 1,117ቱ ከጣቢያቸው ወጥተው ሄዱ።

ያን ሌሊትና በማግሥቱ በከተማው የሆነው ዝርፊያና ብጥብጥ ታላቅ ነበር። ሰዎች ሞቱ። የማሳቹሴትስ አገረ ገዢ ካልቪን ኩሊጅ የክፍለ ግዛቱን ጦር አስገባ። ለሠራተኞቹ ማኅበር መሪ ለሳሙኤል ጎምፐርስም በሕዝብ ደኅንነት ላይ አድማ የመምታት መብት ለማንም እንደሌለ የሚገልጽ ቴሌግራም ላከለት። ይህ ቴሌግራም ኩሊጅን በአገሩ ሁሉ አስጠራው፤ በ1920 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ በ1923 ፕሬዚዳንት ሆነ። የተባረሩት ፖሊሶች ግን አልተመለሱም። በእነርሱ ፈንታ የተቀጠሩት አዲሶች የተሻለ ደመወዝ፣ ተጨማሪ የዕረፍት ቀንና የደንብ ልብስ በነጻ ተሰጣቸው። አድመኞቹ ይጠይቁ የነበረውም ይህንኑ ነበር።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ እንምጣ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሎዌል ተማሪዎቹ በፖሊሶቹ ቦታ ገብተው ከተማውን በፈቃደኝነት እንዲጠብቁ ጥሪ አደረገ። 200 ያህል ተማሪዎች ታዘዙት። እንደ እኛው መጽሐፍ ታቅፈው የሚውሉ ልጆች ቆመጥ ይዘው ወጡ ማለት ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሃሮልድ ላስኪ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ መምህር ግን ለፖሊሶቹ ሚስቶች በተደረገ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ አድመኞቹን ደግፎ ተናገረ። ተማሪዎቹ የሚያዘጋጁት ላምፑን የሚባል የቀልድ መጽሔትም በጥር 1920 አንድ ሙሉ እትም መምህሩን ለማዋረድ አዋለው፤ ከጻፉበትም ነገር ውስጥ አይሁዳዊነቱን የሚሰድብ ነበረበት። ሎዌል የአድማው ተቃዋሚ ቢሆንም ላስኪ ይባረር ቢባል እኔም እለቃለሁ ብሎ መምህሩን አስከበረው። ላስኪ በዚያው ዓመት ወደ ሎንዶን ሄዶ በኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ፤ ስሙንም ከፖለቲካ ተማሪዎች መካከል የማያውቅ ጥቂት ነው።

ይህን ስናነብ ማፈራችንን አንደብቅም። በመጽሔታቸው ላይ መምህርን ያዋረዱት እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ናቸው፤ መጽሔቱም እንደዚህችው የተማሪዎች መጽሔት ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ሱቁ እየተዘረፈ የተቀመጠውን ባለ ሱቅ ስናስብ፣ ቆመጥ ይዘው የወጡትን ልጆች ሁሉ በአንድ ቃል ለመኰነን አንደፍርም። ፖሊስ ሥራ ሲያቆም የሚጐዳው ኮሚሽነሩ አይደለም። ጫማ ሠሪ ሥራ ቢያቆም ጫማው ይዘገያል፤ የአሠሪውም ኪሳራ ነው። ፖሊስ ሲያቆም ግን ከሳሪው በድርድሩ ውስጥ ምንም ቃል የሌለው መንገደኛ ነው። በ1969 የሞንትሪያል ፖሊሶች ደመወዛችን ከቶሮንቶ ፖሊሶች ደመወዝ ጋራ እኩል ይሁን ብለው ለ16 ሰዓት ያህል ሥራ ባቆሙ ጊዜም የሆነው ይኸው ነው፤ ባንኮች ተዘረፉ፤ ሰውም ሞተ።

እንግዲህ አድማ ከተነሣ ለፖሊስ ማኅበር ምን ኃይል ይቀርለታል? የእንግሊዙ ፌደሬሽን ለብዙ ጊዜ ጥርስ የሌለው ጉባኤ ነበር። ከአባሎቹ መዋጮ የመሰብሰብ ፈቃድ እንኳ ያገኘው በ1955 ነው። ገንዘብ ባገኘ ጊዜ ግን የሚናገርለት ሰው ቀጠረ፤ ጄምስ ካላሃን የሚባለውን የሌበር ፓርቲ የፓርላማ አባል አማካሪው አድርጎ እስከ 1964 አሠራው። ካላሃን በድርድር የፖሊስን ደመወዝ ከፍ እንዲል ካደረጉት አንዱ ነው። ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው፣ ይኸው ሰው በኋላ የአገር ግዛት ሚኒስትር፣ በ1976 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በእርሱ ዘመን ደመወዙ በኑሮ ውድነት ተበልቶ ፖሊሶች ሥራቸውን እየለቀቁ ስለ ሄዱ የቀድሞ ደንበኞቹ በጠረጴዛው ማዶ ተቀመጡበት። መንግሥቱ በዳኛው በሎርድ ኤድመንድ ዴቪስ የሚመራ መርማሪ ኮሚቴ አቆመ፤ ኮሚቴውም በ1978 ደመወዙ 40 በመቶ ያህል ከፍ እንዲል አሳሰበ። አንድ መስኮት እንኳ ሳይሰበር ማለት ነው።

በ2012 መንግሥት በጀት ሲቀንስ ደግሞ ከ30,000 በላይ ፖሊሶች በዕረፍት ቀናቸው በሎንዶን አደባባይ ተሰለፉ። ከመካከላቸው 16,000ው ጥቁር ቆብ አድርገው ነበር፤ ይቀነሳሉ የተባሉት ፖሊሶች ቍጥር ያን ያህል ነበርና። ሰላማዊ ሰልፍ የሚጠብቀው ፖሊስ ራሱ ሲሰለፍ የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ መጠየቃችን አልቀረም። በዚያም ሰልፉን የጠበቁት ባልደረቦቻቸው ናቸው።

በአሜሪካ መንገዱ ሌላ ነው። በ1915 በፒትስበርግ ከተማ ሁለት ፖሊሶች ያቋቋሙት የፖሊሶች የወንድማማችነት ማኅበር ከስሙ ላይ «ዩኒየን» የሚለውን ቃል ሸሽቶ አደገ፤ ዛሬ ከ300,000 በላይ አባላት አሉት። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ብዙ ከተሞች ከፖሊስ ማኅበር ጋራ በጽሑፍ ውል መዋዋል ጀመሩ፤ ቦስተን እንኳ በ1965 እንደ ገና የፖሊስ ማኅበር አየች። በውሉ ውስጥ የደመወዝ ልክ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የሕክምና ወጪና ጡረታ ይጻፋል፤ በሥራ ላይ ለሞተ ፖሊስ ቤተሰብ የሚሰጠው ካሳም ይጨመራል። በፖሊሱ ላይ ክስ ሲቀርብ ማኅበሩ ጠበቃ ያቆምለታል። ሁለቱ ወገኖች ባይስማሙ በሚሺጋን ግዛት በ1969 እንደ ወጣው ያለ ሕግ ነገሩን ለገላጋይ ዳኛ ይመራዋል፤ የዳኛውም ፍርድ ያስራል። እኛ እንደሚመስለን የአድማ ትክክለኛው ምትክ ይህ ነው። አድማ የተከለከለ ሰው የሚያስገድድ ዳኛ ካልተሰጠው መብቱ ተወስዶ በምትኩ ምንም አልተሰጠውም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዳኛ በሌለበት ፖሊሱ ብልሃት ይፈልጋል፤ በ1967 የዲትሮይት ፖሊሶች አድማ አንመታም ብለው በብዛት «ታመምን» እያሉ ቀሩ። በሽታውንም ጋዜጦች በደንብ ልብሳቸው ቀለም «ሰማያዊ ጉንፋን» ብለው ጠሩት።

ነገር ግን የማኅበሩን በጎነት ብቻ ጽፈን ብንተው አንባቢን ማታለል ይሆንብናል። በ1966 የኒውዮርክ ከንቲባ ሊንዚ በፖሊስ ላይ የሚቀርበውን አቤቱታ የሚመረምር፣ ከፖሊስ ውጭ የሆኑ ሰዎች የሚበዙበት ቦርድ አቆመ። የፖሊሶቹ ማኅበር ገንዘብ አፍስሶ ቅስቀሳ አደረገ፤ ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ አቅርቦም ቦርዱን አስፈረሰው። በ1975 ደግሞ ከተማው ብዙ ሺሕ ፖሊሶችን ሊያሰናብት ሲነሣ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበራት ኒውዮርክን የፍርሃት ከተማ ብለው የሰየሙ፣ የራስ ቅል የታተመባቸው ወረቀቶች ለእንግዶች አዘጋጁ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በመንገድ አትሂዱ ይሉ ነበር። ሕዝብን ለመጠበቅ የተቀጠረ ሰው ሕዝብን በማስፈራራት ሲደራደር ከአድማ ምን ያህል ይርቃል?

ከሁሉ የሚከብደው የቅጣት ነገር ነው። በብዙ ከተሞች ውል ውስጥ የተከሰሰ ፖሊስ ወዲያው እንዳይጠየቅ የሚያዘገይ፣ የቀድሞ ጥፋቱ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከመዝገብ እንዲፋቅ የሚያደርግ አንቀጽ ገብቷል። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በ2017 ባወጣው ምርመራ ከ2006 ወዲህ በታላላቅ የፖሊስ መምሪያዎች ከተባረሩት 1,881 ፖሊሶች 451ዱ በይግባኝ ወደ ሥራ ተመልሰዋል። ከእነዚህ ውስጥ በእውነት ያለ አግባብ የተባረረ አይጠፋም፤ የጆን ሳይምን ታሪክ ላነበበ ሰው ይህ ግልጽ ነው። ነገር ግን ለሕዝብ አደገኛ የሆነ ሰውም በዚሁ በር ይመለሳል። በግንቦት 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ ፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ ይህ ክርክር በአሜሪካ ሁሉ ተቀጣጠለ። ለተከሰሱ ፖሊሶች ልዩ መብት የሚሰጥ ሕግ ከሁሉ በፊት ያወጣው የሜሪላንድ ግዛት ሕጉን በ2021 ሻረው።

ስለዚህ እኛ ከክርክሩ በኋላ የያዝነው ሐሳብ ይህ ነው። ስለ ደመወዙ፣ ስለ ሥራ ሰዓቱ፣ ስለ ጣቢያው አይጥና ስለ ሚስቱ ጡረታ ሲሆን፣ ፖሊስ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ነውና ማኅበሩ እስከ ጫፍ ድረስ ይሟገትለት። በሰው አካል ላይ ስላደረሰው ጉዳት ሲሆን ግን ጠበቃ ሊቆምለት ይገባል እንጂ የፍርዱ ሥርዓት ራሱ በደመወዝ ድርድር ጠረጴዛ ላይ መቅረብ የለበትም፤ ተበዳዩ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ወንበር የለውምና። ከመካከላችን አንድ ጓደኛችን ይህን አይቀበልም፤ «ሁለቱን የሚለይ መስመር በወረቀት እንጂ በጣቢያ ውስጥ የለም» ይላል። በብዙ ቀን ክርክር አላሸነፍነውም።

ነገሩ ከእኛ አገር ሕግ ጋራ የሚገናኝበት ስፍራ አለ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ መደራጀት ነጻነት በ1948፣ ስለ መደራጀትና ስለ ኅብረት ድርድር ደግሞ በ1949 ባወጣቸው ስምምነቶች ውስጥ ለጦር ሠራዊትና ለፖሊስ መብቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚሆን እያንዳንዱ አገር በሕጉ እንዲወስን ተትቷል። ኢትዮጵያ ሁለቱንም በ1963 ተቀብላለች። በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የመንግሥት ሠራተኛን የመደራጀት መብት ሲጠቅስ የሥራው ጠባይ የሚፈቅድለትንና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያለውን ይላል። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ደግሞ የፖሊስን ቅጥር ከአዋጁ ክልል ውጭ አድርጎ ለልዩ ሕግ ትቶታል። «የሥራው ጠባይ የሚፈቅድለት» የሚለው ሐረግ ፖሊሱን ያስገባዋል ወይስ ያስወጣዋል? ያስገባዋል ከተባለስ የደሞዙን ነገር ከአለቃው ጋራ የሚዳኘው ማን ነው? እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነንና ከዚህ በላይ ብንሄድ እንሳሳታለን። የሕግ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መልሳቸውን ለሚቀጥለው እትም ቢልኩልን፣ ከአልጋው ላይ ሳይነሣ ለጠየቀን ጓደኛችን እናነብለታለን።